ስቶፕ ኤንሲአይአይን ሞከርነው፦ በኤአይ ተሰርቶ ለተለቀቀ የእርቃን ፎቶ

እዚህ አሜሪካ ያለች የእህቴ ልጅ ላይ የደረሰውን አይቼ ነው የምጽፈው። የሰርግ ላይ ፎቶዋን ከኢንስታግራም አውርደው ፊቷን በኤአይ እርቃን ገላ ላይ ለጥፈው በቻት ግሩፕ ለዘመድ ሁሉ ላኩት፣ ሌላ ቦታም ፖስት አረጉት። እናትየው «ምን ነክቶሽ እንዲህ ተነሳሽ» እያለች ስታለቅስ ዋለች፣ ልጅቷ ደግሞ ያልተነሳችውን ፎቶ አልተነሳሁም እያለች ስትምል፣ በጣም ነው ያመመኝ። ለአንድ ሶሻል ሚዲያ ሪፖርት ስናደርግ «ደንባችንን አይጥስም» ተባልን።

ከዛ ነው ስቶፕ ኤንሲአይአይን (StopNCII.org) ያገኘነው፣ ያለፈቃድ የተለቀቀ የእርቃን ምስል ከሶሻል ሚዲያ እንዲወርድ የሚረዳ ድረገጽ ነው። በነጻ ነው፣ የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ከ2021 ጀምሮ የሚያስኬደው። ልጅቷ መጀመሪያ እምቢ አለች፣ «ይሄን ፎቶ ደግሞ ለሌላ ሰው ልላክ?» ብላ፣ እውነቷን ነው። ግን ፎቶው ከስልኳ አይወጣም፣ እዛው ስልኩ ላይ ሀሽ ወደሚሉት ኮድ ይቀየራል፣ እንደ ጣት አሻራ በሉት፣ ለፌስቡክ ለኢንስታግራም ለቲክቶክ ለሬዲት ምናምን የሚሄደው አሻራው ብቻ ነው፣ እነሱ ጋር የሚገጥም ፎቶ ከተገኘ አይተው ያወርዱታል። ይሄን ስታውቅ ነው የተነፈሰችው። ፎርሙን መሙላት ያለባት ራሷ ባለፎቶዋ ናት፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አበረታኋት። መጨረሻ ላይ የሚሰጠውን የኬዝ ቁጥርና ፒን ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ፒኑ ከጠፋ አይመለስም። ከ18 አመት በታች ለሆኑ ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ሌላ ሰርቪስ አለ።

የሚጎድለው፣ ፎቶውን ቆርጠው ወይ ቀለሙን ቀይረው ከለቀቁት እንደ አዲስ ማስገባት ያስፈልጋል። አባል ያልሆነ ኩባንያ ጋር አይሰራም፣ የተመሰጠረ ቻት ውስጥ (ከተላላኪዎቹ በቀር ኩባንያው ራሱ የማያየው ማለት ነው) ደግሞ ጭራሽ አይገባም፣ የኛ ደግሞ መጀመሪያ የዞረው እዛው ነው።

ስለዚህ ህጉንም ያዙ። ሜይ 19 ቀን 2025 የተፈረመው የአሜሪካ ህግ ስሙ ከሰርቪሱ ጋር አንድ ነው፣ ቴክ ኢት ዳውን፣ እንዳያምታታችሁ። በኤአይ የተሰራውንም በግልጽ ይጨምራል፣ የለቀቀው ሰው እስከ 2 አመት፣ ተጎጂዋ ከ18 አመት በታች ከሆነች እስከ 3 አመት ይታሰራል። ፕላትፎርሞች ደግሞ ከሜይ 19 ቀን 2026 ጀምሮ አንሱልኝ ሲባሉ በ48 ሰአት ውስጥ የማንሳት ግዴታ አለባቸው። ከመነሳቱ በፊት ግን ሊንኩን፣ የአካውንቱን ስምና ቀኑን መዝግቡ፣ እኛ ተጣድፈን አንዱን አጥተነዋል።

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 አንቀጽ 13 ምስል በማሰራጨት ሰው የሚያስፈራራን ይመለከታል፣ ኤአይን ግን በስም አይጠራም፣ ይሄ መስተካከል አለበት።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት በቻቱ ነው። ፎርሙ እንግሊዝኛው የሚከብዳት ካለች ትጻፍልኝ፣ ፎቶውን ሳላይ አብሬያት እሞላለሁ።