የመንገድ መሐንዲስ ዓይን፦ የትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የሙስና መለኪያ ምን ያያል፣ ምን ይስታል?

የምገመግመው አገልግሎት በነጻ የሚገኝ ነው። መቀመጫውን በርሊን ያደረገው ፀረ ሙስና ድርጅት ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል በየዓመቱ የሚያወጣው የሙስና ግንዛቤ መለኪያ ነው፤ ከነድረ ገጹ፣ ከነካርታው፣ ከነሰንጠረዡ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አዲሱ እትም በወጣ ቁጥር ከፍቼ ሳላነብ አላልፍም። ሙያዬ መንገድ ነው። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ሆኜ ነው፤ ስለዚህ ይህን መለኪያ የምመዝነው በራሴ መለኪያ፣ በሴንቲ ሜትር ነው።

ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ። የመንገድ ሥራ ሲጠናቀቅ አስፋልቱን በመሣሪያ እየበሳን ክብ ናሙና እናወጣለን። አንድ ጊዜ ውሉ 5 ሴንቲ ሜትር በሚልበት መንገድ ላይ ያወጣሁት የመጀመሪያ ናሙና 3 ከግማሽ ሆነ። ሁለተኛው 3፣ ሦስተኛው 4 እንኳን አልሞላም። ጠርዙን በጣቴ ስነካው ጠጠሩ እየተፈረፈረ እጄ ላይ ቀረ፤ ሬንጁም ተቀንሶበት ነበር። የክፍያ ሰነዱ ግን 5 ተብሎ ተሞልቶ ፊርማዬን ይጠብቃል። በዕድሜ ብዙ የሚበልጠኝ ኃላፊ ትከሻዬን ይዞ፣ «ልጄ፣ ተሸፍኖ የቀረውን ማን ያየዋል?» አለኝ። እኔ አልፈረምኩም። ሌላ ሰው ፈረመ። ለዓመታት እንዲያገለግል የተነደፈው መንገድ በሁለተኛው የዝናብ ወቅት ተቦረቦረ።

ሙስና አንድን ታዳጊ አገር ወደ ኋላ የሚጎትተው እንዲህ ነው። የተሰረቀው አንድ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በቀላሉ ይሰላ ነበር። መንገዱ ግን በብድር የተሠራ ነው፤ ብድሩ ከነወለዱ የሚከፈለው ለ5 ሴንቲ ሜትር ነው። የጭነት መኪናው ጉድጓድ እየሸሸ ሲጓዝ ጎማው ያልቃል፣ ምርቱ ይበላሻል፣ ምጥ የያዛት ሴት ጤና ጣቢያ ሳትደርስ ይመሽባታል። በትክክለኛው ውፍረት አስልቶ ዋጋ ያቀረበው ተቋራጭ ጨረታውን ይሸነፋል፤ ሁለት ጊዜ ከተሸነፈ በሦስተኛው አይመጣም። ከዚያ በኋላ የሚቀሩት መስረቅ የሚችሉት ብቻ ናቸው። የዓለም የገንዘብ ድርጅት ባለሙያዎች የነበሩት ቪቶ ታንዚና ሐሚድ ዳቩዲ በ1997 ባወጡት ጥናት፣ ሙስና በበዛበት አገር ለአዲስ ግንባታ የሚወጣው ገንዘብ እንደሚጨምር፣ የመንገዱ ጥራትና የጥገናው ወጪ ግን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ይህን ሳነብ አልገረመኝም። ከአዲስ ግንባታ ብዙ ይቆረሳል፤ ከጉድጓድ መድፈን ምን ይገኛል?

ወደ መለኪያው ልመለስ። የ2024ቱ እትም 180 አገሮችንና ግዛቶችን ከ0 እስከ 100 ይመዝናል፤ 100 ንጹሕ ማለት ነው። ዴንማርክ 90 አግኝታ ከላይ ናት፤ ደቡብ ሱዳን 8 አግኝታ ከታች። የዓለም አማካይ 43 ሲሆን፣ ከሦስት አገሮች ሁለቱ ከ50 በታች ናቸው። የመለኪያው ትልቁ ጥንካሬ ራሱ የሠራው አንድ መጠይቅ አለመሆኑ ነው። የዓለም ባንክንና የአፍሪካ ልማት ባንክን ጨምሮ ከልዩ ልዩ ተቋማት የተገኙ 13 የመረጃ ምንጮችን ያዋህዳል፤ ቢያንስ ሦስት ምንጭ ያልተገኘለትን አገር አያካትትም። ሰንጠረዡን አውርዶ ለከፈተ ሰው እያንዳንዱ ምንጭ ስንት እንደሰጠ፣ የስህተት ህዳጉም (ነጥቡ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሳሳት የሚችልበት መጠን) ስንት እንደሆነ ተዘርዝሯል። ሥራን እንዲህ ገልጦ ማሳየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ያን የክፍያ ሰነድ ያዘጋጁት ሰዎች ግማሹን ያህል ቢገልጡ ኖሮ መንገዱ ዛሬም በቆመ ነበር።

የሚያሳዝነው ብዙ ሰው ሰንጠረዡን አለመክፈቱ ነው። ዜናው የሚያወራው ስለ ደረጃ ብቻ ነው፤ «አምስት ደረጃ ወደቀች፣ ስድስት ደረጃ ወጣች» ይባላል። ደረጃ ግን ጎረቤት ሲወድቅም ይለወጣል። መታየት ያለበት ነጥቡ ነው፤ እሱም በአንድ ወይም በሁለት ቢንቀሳቀስ ከስህተት ህዳጉ ላያልፍ ይችላል። በ2012 አሠራሩ ስለተቀየረ ከዚያ በፊት ያለውን ነጥብ ከኋለኛው ጋር ማነጻጸርም አይቻልም። ድረ ገጹ ይህን የሚናገረው በማብራሪያው ውስጥ ነው፤ በካርታው ራስጌ ላይ በትልቁ ሊጻፍ ይገባው ነበር።

ከዚህ የከበደው ጉድለት ግን ሌላ ነው። መለኪያው የሚመዝነው ባለሙያዎችና ነጋዴዎች ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሙስና ያላቸውን ግንዛቤ ነው። ገና ያልተጋለጠ ስርቆት ደግሞ ግንዛቤ ውስጥ አይገባም። ሞዛምቢክን እዩ። በ2013 እና በ2014 ከመንግሥት ጋር የተያያዙ ሦስት ኩባንያዎች ለዓሣ ማስገሪያ ጀልባና ለባሕር ጥበቃ በሚል ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ በመንግሥት ዋስትና ተበደሩ፤ አብዛኛው ከሕዝብም ከዓለም የገንዘብ ድርጅትም ተደበቀ። በእነዚያ ዓመታት የአገሪቱ ነጥብ 30 እና 31 ላይ ነበር፤ በ2015ም 31። ምስጢሩ በ2016 ሲወጣ ለጋሾች እጃቸውን ሰበሰቡ፣ የአገሪቱ ገንዘብ ዋጋው ወደቀ፣ ነጥቡም ያኔ ወደ 27 ወረደ። የቀድሞው የገንዘብ ሚኒስትር ማኑዌል ቻንግ ኒው ዮርክ ላይ ጥፋተኛ የተባሉት በ2024 ነው። ቁጥሩ ቁልቁል የወረደው ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው። ናሙና ሳይወጣ «መንገዱ ለስላሳ ነው» እንደማለት ነው።

ገንዘቡ የሚሸሸግበትም ቦታ አይመዘንም። በባንክ ምስጢራዊነቷ ስሟ ሲነሳ የኖረው ስዊዘርላንድ በ2024ቱ እትም 81 ነጥብ አግኝታለች። ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል ራሱ መለኪያው ሕገወጥ የገንዘብ ዝውውርንና የግሉን ዘርፍ ሙስና እንደማያካትት በግልጽ ይናገራል፤ መናገሩን አከብራለሁ። ሆኖም ካርታውን ብቻ የሚያይ ተማሪ ስርቆት የድሃ አገር ጠባይ ነው ብሎ ሊወጣ ይችላል። ይህ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ይህን መለኪያ ብቻውን አትጠቀሙ። ድርጅቱ ተራውን ዜጋ የሚጠይቅበት ሌላ ጥናት አለው፤ ዓለም አቀፍ የሙስና ባሮሜትር ይባላል። የ2019ኙ የአፍሪካ እትም በ35 አገሮች ተሠርቶ፣ የመንግሥት አገልግሎት ካገኙት ሰዎች ከአራቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት በዓመቱ ጉቦ መክፈላቸውን አሳይቷል። ያ ቁጥር በወረፋ ላይ የቆመ ሰው ቁጥር ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያረኩኝ ግን ቆፍረው ያዩ ሥራዎች ናቸው። ኡጋንዳ ውስጥ ከ1991 እስከ 1995 ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከተመደበው የተማሪ ድጎማ ትምህርት ቤቶቹ ጋ የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ እንደነበር ተመራማሪዎች የሂሳብ መዝገብ ለመዝገብ አመሳክረው አገኙ። ከዚያ በኋላ የሚላከው ገንዘብ በየጋዜጣው መታተም ጀመረ፤ በ2001 የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ደግሞ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ቤንጃሚን ኦልከን ከ600 በላይ መንደሮች የሠሯቸውን መንገዶች በመሐንዲሶች አስቆፍሮ፣ የገባውን ድንጋይና አሸዋ ከተጻፈው ወጪ ጋር አነጻጸረ። ሂሳባችሁ በእርግጥ ይመረመራል የተባሉት መንደሮች ከሌሎቹ ይልቅ የጠፋባቸው ገንዘብ በ8 በመቶኛ ነጥብ አነሰ። ስምንት ትንሽ ይመስላል። በመንገድ ላይ ስታነጥፉት ግን ብዙ ነው።

ለጋዜጠኛ፣ ለመምህር፣ ለምርምር ጀማሪ መለኪያውን ያለማመንታት እመክራለሁ፤ ነጥቡንና የስህተት ህዳጉን አብረው እስካነበቡ ድረስ። አንድን ሚኒስቴር ወይም አንድን ፕሮጀክት መርምሮ ተጠያቂ ማድረግ ለሚፈልግ ሰው አይበቃም። ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ። አራተኛውን የምጨምረው በየአገሩ ገጽ ላይ ከነጥቡ ጎን የዚያ አገር የጨረታ ውሎችና የኦዲት ሪፖርቶች የት እንደሚገኙ፣ ጨርሶ ካልታተሙም አለመታተማቸውን የሚያሳይ አንድ መስመር ሲጨመር ነው።