የደላንታ ኦፓል ቀለበት፦ ከስምንት ወር በኋላ

የተገመገመው በወሎ፣ ደላንታ ካለው ወገል ጤና የወጣ 5 ካራት (1 ግራም) ነጭ ኦፓል፣ ብልጭ የሚል የከበረ ድንጋይ፣ ነው። በብር ቀለበት ተገጥሞ ስምንት ወር ሙሉ በየቀኑ ጣት ላይ ውሏል። ብልጭታው እንደተገዛበት ቀን ነው። ያስቸገረው ነገር ሁሉ የመጣው ከውሃ ነው።

የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ድንጋዩ በዓይን የማይታዩ የሲሊካ (የአሸዋ ማዕድን) እንክብሎች ድርድር ነው፤ ቀዩም አረንጓዴውም የሚወጣው ብርሃን በዚያ ድርድር ሲበተን ነው። በእንክብሎቹ መካከል ያለው ቀዳዳ ሲደርቅ ድንጋዩ ነጣ ይላል፤ ውሃ ሲሞላው ደግሞ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ብልጭታው ይደበዝዛል። አንዳንዱ ድንጋይ ጠጥቶ ክብደቱን 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሲደርቅ ይመለሳል፤ እንደ ድንጋዩ ከሰዓታት እስከ ቀናት ይፈጃል።

ኦፓልን ለመንፈሳዊ ትርጉሙ የሚፈልግ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ሮማውያን እንደ ውድ ድንጋይ ያከብሩት ነበር። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ለዓይን መድኃኒት ነው ተባለ፤ በሎረል ቅጠል ጠቅልሎ የያዘውን ከሰው ዓይን ይሰውራል ተብሎም የሌባ ድንጋይ ሆነ። የገደቢስነት ስሙን ያባባሰው እ.ኤ.አ. በ1829 በእንግሊዝኛ የታተመ ልብ ወለድ ነው፤ በታሪኩ የተባረከ ውሃ ጠብ ሲልበት የኦፓሉ ቀለም ይጠፋል። የደላንታው ኦፓል ጠበልም ሆነ የቧንቧ ውሃ ሲነካው ይህንኑ ያደርጋል፤ ከዚያ ይደርቃል፣ ቀለሙም ይመለሳል። ስለዚህ ፈርጡ ሲደበዝዝ የቡዳ ዓይን ወይም የክፉ ቀን ምልክት አድርጎ መውሰድ ተገቢ አይደለም። ከጥንት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የወሎ ኦፓል ትውፊት አለ የሚል ሻጭም አይታመን፤ የወገል ጤናው ኦፓል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ትርጉም የሚሰጠው ሰው ዛሬ እየሰጠው ነው፣ ያም መብቱ ነው።

በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ለሚያደርግ ሰው ቀለበቱ አይመከርም፤ ድንጋዩ ሳይደርቅ ደግሞ ይርሳል። ለእሱ የአንገት ወይም የጆሮ ጌጥ ይሻላል። ጠበል የሚጠመቅም አስቀድሞ ያውልቀው። ከንጹሕ ውሃ ይልቅ የሚጎዳው ቅቤ፣ ሽቶ፣ ሳሙናና ሂና ነው፤ ገብተው ስለሚቀሩ ድንጋዩ ይወይባል፣ ወይቦም አይመለስም። የረጠበውን በጥላ ሥር በደረቅ ጨርቅ ላይ ማሳደር ነው። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ግን ውሃውን በድንገት ስለሚያስወጣው ድንጋዩ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል። ብር ሠሪ ቀለበቱን ሲበይድም በዚሁ ምክንያት ፈርጡ መውጣት አለበት።

ጥንካሬው ማዕድን ለመጫር ያለውን መቋቋም ከ1 እስከ 10 በሚለካው በሞህስ መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፤ አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን 7 ስለሆነ ይጭረዋል። ዙሪያውን በብር ጠርዝ የታቀፈ ፈርጥ በብረት ጥፍሮች ተቆንጥጦ ከተያዘው ይልቅ ጠርዙ በቀላሉ አይሸረፍም።

ሲገዙ በውሃ ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠውን አይምረጡ፤ ውሃው ስንጥቁን ይደብቃል። ጥቁር ከሆነ በጭስ ወይም በቀለም የጠቆረ እንደሆነ ይጠይቁ፤ በዚህ መንገድ የሚጠቁረው ብዙ ነው። ሻጩ ከፈቀደ ድንጋዩን ደረቅ ቦታ ሁለት ሳምንት አስቀምጦ በአጉሊ መነጽር አይቶ መክፈል ነው፤ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ በዚያ መሃል ይለያል።