ማን ምን ሠርቶ ስንት ተከፈለው? የአንድ የሐዋሳ ፔሮል ቢሮ አገልግሎት

በሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ለሥራ ተቋራጮች የሠራተኛ ክፍያ መዝገብ (ፔሮል) የሚያዘጋጅና የሚያጣራ አነስተኛ የሒሳብ ቢሮ አለ። በፌዴራል መንግሥት በጀት በሚካሄድ የትምህርት ቤት ማስፋፊያ ላይ የብሎኬትና የልስን ሥራ በንዑስ ተቋራጭነት ከያዝኩ ጀምሮ የሠራተኞቼን ፔሮል የሚያዘጋጅልኝ ይህ ቢሮ ነው። አገልግሎቱ ከሚጠየቅበት ክፍያ በላይ ዋጋ እንዳለው አምናለሁ፤ ሆኖም መዝገቡ ሊደርስ ሲገባው የማይደርስበት አንድ ትልቅ ክፍተት ስላለ ሁለቱንም መጻፍ ተገቢ ነው።

በአብዛኞቹ ሳይቶች የሚያዘው አቴንዳንስ የሠራተኛውን ስም፣ የቀን ሒሳቡንና የተገኘባቸውን ቀናት ከማመልከት አያልፍም። ይህ ቢሮ የሚያዘጋጀው ቅጽ ግን ለእያንዳንዱ ቀን ሁለት ሣጥን አለው፤ በአንዱ የተሠራው ሰዓት፣ በሌላው የሥራው ዓይነት ይሞላል። የሠራተኛው ገንዘብ ሳይታወቅ የሚቀረው በዚህ ሁለተኛ ሣጥን አለመኖር ነው። በረዳትነት የተቀጠረ ወጣት ጠዋት ብሎኬትና ሞርታር ሲያቀብል ቆይቶ፣ ከምሳ በኋላ ግንበኛው ስለቀረ ቱንቢ ጥሎ ራሱ ሲገነባ ይውላል። በተለመደው አቴንዳንስ ቀኑ ሙሉ በሙሉ የረዳት ቀን ነው፤ በዚህ ቅጽ ግን 4 ሰዓት ረዳት፣ 4 ሰዓት ግንበኛ ተብሎ ይመዘገብና ክፍያውም እንደዚያው ይሰላል። መዝገቡን የምታጣራው ባለሙያ እያንዳንዱን መስመር ከፎርማኑ ዕለታዊ ሪፖርት ጋር ታመሳክራለች፤ የተመዘገቡት ግንበኞች ቁጥር ከቆመው ግድግዳ ጋር ካልተመጣጠነ ደውላ ትጠይቃለች፤ መልሱ ካላረካትም ፔሮሉን ሳትዘጋ ታቆየዋለች።

የቢሮው ባለቤት በአሜሪካ ሜሪላንድ ለግንባታ ድርጅቶች የደመወዝ ሒሳብ ሲሠሩ የቆዩ ወይዘሮ ናቸው፤ አሠራሩንም ያመጡት ከዚያው ነው። በዚያ አገር በ1931 እ.ኤ.አ. የወጣው የዴቪስ-ቤከን ሕግ ከ2,000 ዶላር በላይ በሆነ የፌዴራል የግንባታ ውል ላይ ለሚሠሩ የጉልበት ሠራተኞችና ባለሙያዎች በአካባቢው ለተመሳሳይ ሥራ ከሚከፈለው ያነሰ ደመወዝ እንዳይከፈል ያስገድዳል። ትምህርት ቤቱን የሚያስገነባው የአካባቢ አስተዳደር ቢሆን እንኳ፣ ገንዘቡ የሚሰጥበት የፌዴራል ሕግ ይህንኑ ግዴታ ከያዘ ተቋራጩ ይገዛበታል። ዋጋውን ለየሙያውና ለየአካባቢው የሚያወጣው የአሜሪካ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ነው፤ ከ1964 እ.ኤ.አ. ወዲህም እንደ ጤና መድንና ጡረታ ያሉ ጥቅማ ጥቅሞች በስሌቱ ይገባሉ። ክፍያው በየሳምንቱ ይፈጸማል፤ ተቋራጩም በየሳምንቱ ትክክለኛነቱን በፊርማው ያረጋገጠበትን ፔሮል ያቀርባል። አንድ ሰው በሁለት ሙያ ሲሠራ ሰዓቱ ለየብቻ ካልተመዘገበ ለሙሉው ጊዜ የሚከፈለው በከፍተኛው ሙያ ዋጋ ነው። የሐዋሳው ቢሮ ሁለት ሣጥን የመነጨው ከዚህ ድንጋጌ ነው።

የእኛ ሁኔታ የተለየ መሆኑን ወይዘሮዋ አይሸሽጉም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም፣ በግሉ ዘርፍ በሥራ ላይ የዋለ አገር አቀፍ ዝቅተኛ ደመወዝ የለንም፤ ለግንበኛ ወይም ለለሳኝ ይህን ያህል ይከፈል የሚል የመንግሥት ሰንጠረዥም የለም። ስለዚህ ቢሮው በከተማዋ ካሉ ሳይቶች እየጠየቀ በየሙያው የሚከፈለውን ዋጋ የተጠየቀበትን ቀን ጠቅሶ ይመዘግባል፤ ደንበኛው ከዚያ በታች ሲከፍልም በጽሑፍ ያሳውቀዋል። ዝርዝሩ የሕግ ኃይል ባይኖረውም ከዋናው ተቋራጭ ጋር ስለ ዋጋ ስነጋገር ደጋግሞ ጠቅሞኛል።

ሕጉ በግልጽ በተናገረበት በትርፍ ሰዓት ላይ ግን ቢሮው ጥብቅ ነው፤ እኔ ከሁሉ በላይ የማከብረውም ይህን ነው። የስላብ (የፎቅ ወለል ኮንክሪት) ሙሌት ከተጀመረ አይቋረጥም፤ ሥራው እስከ ሌሊት ሲዘልቅ የብዙ ሳይቶች ልማድ የተወሰነ ገንዘብና እራት ሰጥቶ ማሰናበት ነው። አዋጁ የሚለው ሌላ ነው፤ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ የሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። በሰዓት 60 ብር የሚታሰብለት ሠራተኛ ከመደበኛው ሥራ በኋላ ምሽት 2 ሰዓት ቢጨምር 180 ብር፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰዓት 105 ብር ያገኛል ማለት ነው። ቢሮው ይህን ስሌት በፔሮሉ ላይ ለብቻው በተለየ ዓምድ ስለሚያሳይ ሠራተኛው ሲፈርም የሚፈርምበትን ያያል።

ቢሮው ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው፤ የሠራተኛ ክፍያ የሚፈጸመው ደግሞ በአብዛኛው በዚያው ሰዓት ስለሆነ ስህተት ቢገኝ እስከ ሰኞ መጠበቅ ግድ ይላል። የክፍያ ማስረጃው የሚታተመው በአማርኛ ብቻ መሆኑም በዚህ ከተማ ተገቢ አይደለም፤ ከሠራተኞቼ ብዙዎቹ በትምህርት ቤት ማንበብ የተማሩት በሲዳምኛ ነው።

ዋናው ክፍተት ግን በካቦ፣ ማለትም ሥራውን ተረክቦ የራሱን ሠራተኞች በሚያሰማራ የቡድን አለቃ፣ ሥር ያሉትን ሠራተኞች ይመለከታል። ልስን በካሬ ሜትር ለካቦ ሲሰጥ በፔሮሉ ላይ የሚገባው የካቦው ስምና የወሰደው ገንዘብ ብቻ ነው፤ እርሱ ይዟቸው የመጡት ልጆች በስንት እንደሠሩና ከቀን ሒሳባቸው ላይ ምን እንደተቆረጠ መዝገቡ አያውቅም። በአሜሪካው ሕግ ዋናው ተቋራጭ በሥሩ ያሉ ንዑስ ተቋራጮች ሠራተኞቻቸውን በትክክል ለመክፈላቸው ተጠያቂ ነው፤ በ1934 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮፕላንድ ሕግም ሠራተኛን አስገድዶ ከደመወዙ እንዲመልስ ማድረግን ወንጀል አድርጎታል። ያንን አሠራር ከሥሩ የሚያውቅ ቢሮ ይህን ክፍል መተው አልነበረበትም። ጉዳዩን ሳነሳ ካቦዎች ዝርዝር ለመስጠት ፈቃደኛ እንዳልሆኑ ተነገረኝ፤ ምክንያቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን ዝርዝር ላልሰጠ ካቦ ክፍያ እንደማይፈጸም በውሉ ላይ ቀድሞ ማስፈር ይቻላል። እኔ በሚቀጥለው የልስን ውል ላይ ይህን አስገባለሁ፤ ቢሮውም የቅጹን አንድ ገጽ ለዚሁ እንዲያዘጋጅልኝ ጠይቄያለሁ።

አገልግሎቱን የሚፈልግ ተቋራጭ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዋናውን ውል፣ የንዑስ ውሎችንና የሠራተኞችን የቅጥር ሁኔታ የሚያሳይ ዝርዝር ይዞ ይሂድ። ዋጋው በሠራተኛ ቁጥር ስለሚተመን ጥቂት ሰው ብቻ ለሚያሠራ ሊከብድ ይችላል። መሐል ላይ ለሚመጣ ደንበኛ ያለፈውን ጊዜ መልሶ ማጣራት ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ሠራተኛው የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄውን በ6 ወር ውስጥ ካላቀረበ ደግሞ በይርጋ ይታገድበታል።