ፊስቱላዬን በአንድነት ላከሙልኝ ሁለት ሐኪሞችና ለአንዲት ነርስ ምስጋና

የሕመሙ ቦታ ለማውራት የሚያሳፍር በመሆኑ ይህን ምስጋና ሳልጽፍ ብዙ ቆይቻለሁ። ሆኖም በመቀመጫው በኩል መግል እየወጣው «ኪንታሮት ነው» ብሎ ደብቆ የሚሠቃይ ወገን በመካከላችን ስላለ፣ በተለይ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ ያከሙኝን ሰዎች መጠቆም ግድ ሆኖብኛል።

ክሮንስ የተባለው የአንጀት በሽታ እንዳለብኝ ያወቅሁት አስቀድሜ ነው፤ ፊስቱላው የመጣው በኋላ ነው። ፊስቱላ ከአንጀት መጨረሻ ተነሥቶ ሥጋውን ሰርስሮ በፊንጢጣ አጠገብ ቆዳ ላይ የሚከፈት ቀጭን ቦይ ነው። ቀድሞ እታከምበት በነበረው ቦታ አንዱ ሐኪም ባበጠ ቁጥር ቀድዶ መግሉን ያፈስልኛል፤ ሌላው መድኃኒት ይጽፍልኛል፤ አንዱ የሌላውን ወረቀት አይቶ አያውቅም። ቁስሉም ደረቀ ሲሉት መልሶ ያመረቅዛል።

አሁን የማመሰግናቸው የአንጀት ሐኪምና የቀዶ ሕክምና ሐኪም ግን አንዱን ኤምአርአይ አብረው እያዩ፣ እኔም ባለሁበት ነው የመከሩት። የቀዶ ሐኪሟ በምርመራ አልጋው ላይ በተነጠፈው ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ክብ ሥለው፣ ቦዩ ሰገራን የሚቆጣጠረውን ጡንቻ በየት በኩል ሰንጥቆ እንደሚያልፍ አሳዩኝ፤ ቦዩን ተርትሮ መክፈት ጡንቻውን ሊጎዳና ሰገራ መቆጣጠር ሊያሳጣኝ እንደሚችልም ነገሩኝ። በዚህ ፈንታ ማደንዘዣ ተሰጥቶኝ በቦዩ ውስጥ ሰማያዊ ቀጭን የጎማ ክር አሳልፈው ጫፍና ጫፉን አሰሩት። ሴቶን ይሉታል፤ ሥራው ቀዳዳው ከላይ ተደፍኖ መግሉ ውስጥ እንዳይታቆር ማድረግ ነው። (እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን ሳምንት በአንድ ጎኔ ብቻ ነው የተቀመጥሁት፤ ከዚያ ወዲያ ግን መኖሩን እየረሳሁት ሄድሁ።)

የክሮንሱን ብግነት የሚያበርደው ኢንፍሊክሲማብ የተባለው መድኃኒት የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። መድኃኒቱ የሰውነትን የመከላከል አቅም ስለሚቀንስ፣ መግል ታቁሮ እያለ ቢሰጥ ኢንፌክሽኑን ሊያባብሰው ይችላል፤ ክሩ ብቻውን ደግሞ መግሉን ያወጣል እንጂ የክሮንሱን ብግነት አይነካም።

በዚህ መካከል ሁሉን ያስተባበረችው የእኛው አገር ልጅ የሆነች ነርስ ናት። እኔ ስቸኩል «ጋሼ፣ የቲቢው ምርመራ ውጤት ሳይመጣ መድኃኒቱን አልሰጥዎትም፤ ቢቆጡም ይቆጡ» አለችኝ። ተቆጥቼም ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ግን በውስጤ የተኛ ቲቢ ተገኘ፤ ለ4 ወር ሪፋምፒሲን የተባለ የቲቢ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ ኢንፍሊክሲማቡም የሪፋምፒሲኑ የመጀመሪያ ወር ካለፈ በኋላ ተጀመረ። የኢንፍሊክሲማቡ ሁለተኛ መጠን ከመጀመሪያው 2 ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛው በ6ኛው ሳምንት ተሰጠኝ፤ ከዚያ በየ8 ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጠኛል። ኢንሹራንሱ አልከፍልም ባለ ጊዜ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ፣ በእጇ የሌላ በሽተኛ ፋይል እያገላበጠች የተከራከረችልኝም እሷው ናት።

ክሩ የወጣው ፈሳሹ ከደረቀ በኋላ ነው። ቆዳው ቢዘጋም ቦዩ ከውስጥ ሊቀር ስለሚችል እንደገና ኤምአርአይ አነሡኝ፤ ተመስገን፣ ደህና ነው። ለሁሉም ሰው እንዲህ እንደማይዘጋ፣ ክሩን ይዘው ለረጅም ጊዜ የሚኖሩም እንዳሉ ሐኪሞቹ አልሸሸጉኝም።

የሦስቱን ስም በይፋ ከመጻፍ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ብሰጥ ይሻላል። ስትሄዱ የቀድሞ ኤምአርአያችሁን በሲዲ፣ የወሰዳችኋቸውንም መድኃኒቶች ዝርዝር ያዙ፤ ነርሷ ገና ከበር የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።