ለጦጣ የተገዛ የጎማ እባብ

ሐዋሳ ነው የምኖረው፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሰፈር። ሐይቁ ዳር ዛፍ ላይ የሚያድሩት ጦጣዎች ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አጥራችንን ዘለው ይገባሉ። ሰዓት በማክበር ከኔ ይበልጣሉ። ፓፓያው በአንድ ጎኑ ቢጫ ማለት ሲጀምር እኔ "ነገ ይደርሳል" እላለሁ፣ እነሱ ዛሬውኑ ያወርዱታል። በልተው ቢጨርሱት እንኳ አይቆጨኝም ነበር። ሁለቴ ገምጠው ይጥሉታል።

ወንጭፍ ሞክረናል። ውሻም አምጥተን ነበር፣ አሁን እነሱ ከላይ ሲበሉ እሱ ከሥር ጥላው ላይ ይተኛል። በመጨረሻ መናኸሪያ አካባቢ ካለ መጫወቻ ሱቅ ሁለት የጎማ እባብ ገዛሁ። አንዱ 150 ብር፦ ልሙጥ አረንጓዴ፣ ቀይ ምላስ ያለው። ሌላው 400 ብር፦ ቡናማ፣ ከሜትር የሚረዝም፣ ቅርፊቱ በጣት ሲዳበስ የሚሻክር። ባለሱቁ "ለስንት ዓመት ልጅ ነው?" አለኝ። "ለጦጣ ነው" ስለው ሳቀና 20 ብር ቀነሰልኝ።

መጀመሪያ ርካሹን ፓፓያው ግንድ ላይ ጠመጠምኩት። ልጇን ሆዷ ላይ ያንጠለጠለች እናት ጦጣ መጣች። ቆም ብላ አየችው። ከዚያ በአጠገቡ አልፋ ወጣች። ኋላ አንድ ጎረምሳ መጥቶ ቀይ ምላሱን ነክሶ በጠሰው። 150 ብሬን ውሃ በላው።

በማግስቱ ቡናማውን ሣር ውስጥ አስተኛሁት። ጭንቅላቱንም ጅራቱንም በጎመን ቅጠል ሸፈንኩና ከወገቡ አንድ ስንዝር ብቻ እንዲታይ ተውኩ። ቡናዬን ይዤ ወጥ ቤት መስኮት ላይ ተቀመጥኩ።

ያቺው እናት ከአጥሩ ወረደች። ሦስት እርምጃ ያህል ሄዳ ቀጥ አለች። በሁለት እግሯ ቆመች፣ ዓይኗን ከሣሩ ሳትነቅል ጭር ጭር የሚል ድምፅ ማሰማት ጀመረች። ወዲያው ዘጠኝ ሆኑ። አንዳቸውም ወደ ሰማይ ወይም ወደ ውሻው አላዩም፣ ሁሉም አንገታቸውን አስግገው መሬት መሬቱን ያስሳሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ጮኸው ሄዱ። ፓፓያውን የነካው የለም።

ባዮሎጂ አስተማሪ ስለሆንኩ ነገሩን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። የእንስሳት ባህሪ ተመራማሪዎቹ ሮበርት ሴይፋርዝና ዶሮቲ ቼኒ ከፒተር ማርለር ጋር ሆነው በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ አለ፣ ኬንያ አምቦሴሊ ውስጥ የኛዎቹ የቅርብ ዘመድ በሆኑ ጦጣዎች ላይ የተሠራ። የጦጣዎቹን የማስጠንቀቂያ ጩኸት ቀድተው መልሰው አሰሟቸው። ለነብር የሚጮኹትን ሲሰሙ ዛፍ ላይ ይወጣሉ፣ ለንስር የሚጮኹትን ሲሰሙ ሽቅብ ያያሉ፣ ለእባብ የሚጮኹትን ሲሰሙ መሬት ይቃኛሉ። ዓይናቸው ወዴት እንደሚዞር የሚነግራቸው ጩኸቱ ነው። ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት ሳወራው የኖርኩትን ጎመን መደቤ ላይ አየሁት።

አረንጓዴው ለምን እንደከሸፈም ገብቶኛል ብዬ አስባለሁ። ነገሩ ያለው ቅርፊቱ ላይ ነው። ሊን ኢዝቤል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ2017 እ.ኤ.አ. ከባልደረባዋ ጋር ባወጣችው ጥናት፣ የኬንያ ጦጣዎች አንድ ኢንች ገደማ ብቻ የሚታይ የእባብ ቆዳ መሬት ላይ ለይተው አግኝተዋል። ኢዝቤል ከዚያ በፊትም የኛና የጦጣ ዘር ዓይን እንዲህ የሰላው እባብ ሲፈልግ ኖሮ ነው የሚል መላምት አቅርባ ብዙ አከራክራለች። ጃፓን ውስጥ ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ቤተ ሙከራ ያደጉና እባብ አይተው የማያውቁ ዝንጀሮ መሰል ጦጣዎች ከአበባ ሥዕሎች መሀል የእባቡን ሥዕል ቶሎ ይነካሉ፣ ከእባቦች መሀል አበባውን ለማግኘት ግን ይዘገያሉ። ስለዚህ የምትገዙ ከሆነ በእጃችሁ ዳብሱት። ልሙጥ ከሆነ እዚያው ተዉት።

(ፓፓያውን እንዴት ቀድመውኝ እንደሚያዩት ለሚገርመው፦ የነሱም ዓይን እንደኛው ሦስት ዓይነት የቀለም ተቀባይ አለው። ቢጫውን ከአረንጓዴው ይለያሉ። ውሻዬ ያለው ሁለት ብቻ ነው፣ አልፈርድበትም።)

አሁን ወደ ችግሩ። አንደኛ፣ ዕቃው ሰው አይለይም። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጎመን ልትቀነጥስ ጎንበስ ብላ አየችው። "በስመ አብ!" ብላ የጮኸችው ጎረቤት ድረስ ተሰማ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፣ እሷ ደግሞ ልጅ ሆና እውነተኛውን አይታለች። ሦስት ቀን አኩርፋኛለች። ሁለተኛ፣ ባለሱቁ "ቀለሙ አይለቅም" ቢለኝም በሁለት ሳምንት ፀሐይ ጀርባው መንጣት ጀምሯል። ጎማው ደግሞ ሲሞቅ ይሸታል።

ሦስተኛው ዋናው ነው። እባቡ ከቦታው ካልተነሳ ይነቁበታል። በአራተኛው ቀን እናትየዋ አጥሩ ላይ ተቀምጣ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ እኔን አየች። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ። በአምስተኛው ቀን ወረደች። አንስቼ አቮካዶው ሥር ሳደርገው እንደገና ሁለት ቀን ጮኹ። ስለዚህ በየጠዋቱ ቦታ መቀየር፣ ግማሹን መሸፈን፣ ማታ አንስቶ ቤት ማስገባት ያስፈልጋል። የ400 ብር ዕቃ ሳይሆን የቀን ሥራ ነው የገዛሁት። ቢሆንም በዚህ ወር አራት ፓፓያ ሳይነካ በልተናል። አምናው አንድም አልቀመስንም። ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ።

ትናንት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የኔ ስለነበር ተቻኩዬ ሳላነሳው ወጣሁ። ስመለስ እባቡ እዚያው ተጋድሟል። የፓፓያው ልጣጭ ጀርባው ላይ ተቀምጧል።