ማስጠንቀቂያ፦ «የጠፈር ጎታች መንኮራኩር» ተብላ ስለምትሸጠው የልጆች መጫወቻ

በባሕር ዳር፣ በዘጌና በጎርጎራ የምትኖሩ ወላጆች፣ እንዲሁም ለልጆች ስጦታ ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ በቀበሌ 14 ገበያ አካባቢና በቴሌግራም «ጭነት አመላላሽ የጠፈር ጎታች» ተብላ በ2,800 ብር የምትሸጠውን በሪሞት የምትሠራ መጫወቻ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እንድታነቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሥራዬ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና በመሆኑ ይህችው መጫወቻ በተለያዩ ደንበኞች እጅ ደጋግማ ወደ እኔ መጥታለች፤ ከፍቼ ያየሁትም ጠግኜ ብቻ በዝምታ የምመልሰው ጉዳይ ሆኖ አላገኘሁትም። የሻጭ ስም አልጠቅስም፤ ዕቃዋ ከአንድ በላይ በሆኑ እጆች የምትሸጥ ስለሆነች አንዱን ለይቶ መጥራት ሌላውን መሸፈን ይሆናል።

መጫወቻዋ ግራጫ ቀለም ያላት፣ ከፊት ሁለት ክንዶች፣ ከጎን አጫጭር ክንፎች፣ ከኋላ ደግሞ የሚቀጠሉና የሚለዩ ሦስት ትናንሽ ኮንቴይነሮች ያሏት ናት። ካርቶኗ ላይ «ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ጭነት የምታመላልሰው መንኮራኩር ትክክለኛ ቅጂ፣ በ1፡48 ምጣኔ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ሻጮቹም ለተማሪዎች የሳይንስ ማስተማሪያ እንደሆነች አድርገው ያቀርቧታል። ዋጋዋ የተቆለለውም በዚህ ምክንያት ነው። በውስጧ ያለው ሞተር፣ ጥርሶቹና ሰርኪዩቱ በዚያው ገበያ ከግማሽ በታች በሆነ ዋጋ ከሚሸጡት ተራ የሪሞት መኪኖች የተለየ አይደለም፤ የምትንቀሳቀሰውም ከሆዷ ሥር በተደበቁ አራት ጎማዎች ነው።

ሊታወቅ የሚገባው ግን እንዲህ ያለች መንኮራኩር ከነጭራሹ አለመኖሯ ነው። ወደ ጠፈር ጣቢያው ጭነት የሚያደርሱት እንደ ሩሲያው ፕሮግረስ፣ እንደ አሜሪካኖቹ ድራገንና ሲግነስ ያሉ መንኮራኩሮች ጭነታቸውን በውስጣቸው ይዘው ከምድር የሚነሡ እንጂ ኮንቴይነር ከኋላቸው አሰልፈው የሚጎትቱ አይደሉም። የጎታች ሐሳብ በራሱ ተረት ነው ማለቴ አይደለም። ናሳ ከጠፈር መንኮራኩሩ ሻትል ጋር አብሮ የሚሠራ ጎታች አቅዶ ሳይሠራው ቀርቷል፤ በየካቲት ወር 2012 ዓ.ም. ደግሞ ኤምኢቪ-1 የተባለችው መንኮራኩር ነዳጇ ወደ ማለቁ የተቃረበውን ኢንቴልሳት 901 የመገናኛ ሳተላይት በሳተላይቱ ሞተር አፍ በኩል ይዛ ከተጣበቀች በኋላ፣ በራሷ ሞተር ሳተላይቱን ወደ ሥራ ምሕዋሩ መልሳዋለች። በዚያ ከፍታ አየር ስለሌለ ክንፍ ምንም አይረዳም፤ ከእውነተኛ መንኮራኩር ጎን የሚዘረጉት የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያ ሰሌዳዎች ናቸው። መጫወቻዋ ላይ ያሉት ግን እንደ አውሮፕላን ክንፍ የተጠማዘዙ ናቸው። «1፡48» (ከዋናው ዕቃ 48 ጊዜ ታንሳለች) የሚለውም ቁጥር ዋናው ዕቃ በሌለበት የተጻፈ በመሆኑ ምንም ነገር አይለካም። መጫወቻ የፈጠራ ውጤት መሆኑ ነውር የለበትም፤ የሚያስወቅሰው ፈጠራውን በእውነተኛ ዕቃ ስም፣ በማስተማሪያ ዋጋ መሸጡ ነው። ልጆችን ስለ ጠፈር ለማስተማር የሚፈልግ ወላጅ በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስለመጠቀችው፣ 72 ኪሎ ግራም ስለምትመዝነው የአገራችን የመጀመሪያ ሳተላይት ቢነግራቸው ያለ ምንም ወጪ የተሻለ ትምህርት ይሰጣቸዋል።

ዋጋውና የማስታወቂያው ውሸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ ነበር። የሚያሳስበኝ ኮንቴይነሮቹ የሚያያዙበት መንገድ ነው። ክንዶቹ ለማሳመሪያ የተተከሉ ናቸው፤ የመጎተቱን ሥራ የሚሠሩት በመንኮራኩሯ ጀርባና በእያንዳንዱ ኮንቴይነር ጫፍ የተለጠፉ፣ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ኃይለኛ የኒዮዲሚየም ማግኔቶች ናቸው። በአግባቡ በተሠራ መጫወቻ ላይ እንዲህ ያለ ማግኔት በፕላስቲኩ ውስጥ ተቀብሮ ከላይ ይደፈናል። እዚህ ግን በጠብታ ሙጫ ብቻ ላዩ ላይ ተለጥፏል። ሁለቱ ማግኔቶች እርስ በርስ የሚያያዙበት ጉልበት ከሙጫው ስለሚበልጥ፣ ልጁ ኮንቴይነሩን ስቦ ሲለይ ማግኔቶቹ እርስ በርስ በመላቀቅ ፈንታ አንደኛው ማግኔት ከተለጠፈበት ይነቀላል። ወደ እኔ ከመጡት አብዛኞቹ ላይ ቢያንስ አንድ ማግኔት የጠፋ ሲሆን፣ ባለቤቶቹን የት እንደወደቀ ስጠይቃቸው የሚያውቅ አላገኘሁም።

ሕፃን ልጅ ሁለት ማግኔቶችን በተለያየ ጊዜ ቢውጥ፣ ወይም አንድ ማግኔትና ሌላ ብረት ቢውጥ፣ በተለያዩ የአንጀት ክፍሎች ውስጥ ሆነው በግድግዳው አሻግረው ይሳሳባሉ፤ በመካከላቸው የተጨመቀው የአንጀት ክፍል ደም ተቋርጦበት ይሞታል፣ ይበሳልም። አስቸጋሪው ነገር ምልክቱ መጀመሪያ ላይ ተራ የሆድ ቁርጠትና ማስመለስ መምሰሉ ነው፤ ቤተሰብም ጤና አዳም አጠጥቶ ልጁን ሊያስተኛው ይችላል። ስለዚህ ከዚህች መጫወቻ ላይ ማግኔት ጎድሎ ካገኛችሁና በቤቱ ሕፃን ካለ፣ በተለይም ሆዱን ካመመው፣ ምንም ሳትጠብቁ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ውሰዱት፤ ለሐኪሙም «ማግኔት ሳይውጥ አልቀረም» ብላችሁ በግልጽ ንገሩት። ራጅ ያሳየዋል። የሪሞቷም ክብ ትንሽ ባትሪ ክዳኑ ብሎን የሌለው፣ በጥፍር የሚከፈት ነው፤ እንዲህ ያለው ባትሪ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያስከትል ይችላል።

ስለ ቻርጀሩ አጠር አድርጌ ልግለጽ። በአንዳንዶቹ ላይ የተጻፈው የግብዓት መጠን 110 ቮልት ብቻ ሲሆን የእኛ መስመር 220 ቮልት ነው። የሊቲየም ባትሪውም ከመጠን በላይ እንዳይሞላ የሚከላከል ሰርኪዩት አልተገጠመለትም። ሌሊቱን ሰክቶ መተኛት ቤት ለእሳት ማጋለጥ ነው።

ከሁሉም የሚያስገርመው፣ አንዳንድ ሻጮች «በጣና ላይም ትንሳፈፋለች፣ ትንሽ ጀልባም ትጎትታለች» ማለታቸው ነው። የባትሪዋ ሳጥን ውሃ የሚከላከል ምንም ነገር የለውም፤ በሐይቁ ዳር የተሞከረችው ሰርኪዩቷ አረንጓዴ ዝገት ይዞ መጥታልኛለች።

የሽያጩ አካሄድም ገዢው ዕቃውን ሳያይ እንዲከፍል ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። በከተማው ውስጥ ካርቶኑ በፕላስተር ታሽጎ «ከተከፈተ አይመለስም» ይባላል፤ የስድስት ወር ዋስትና አለው የሚሉትም ካርቶኑ እስካልተከፈተ ድረስ ነው፣ ይህም ማለት ዋስትናው ማንም ላልተጫወተባት መጫወቻ ብቻ የሚያገለግል ነው ማለት ነው። በዘጌና በጎርጎራ ያሉት ገዢዎች ደግሞ የዋጋውን ግማሽ አስቀድመው በቴሌብር ቀብድ ይልካሉ፤ ቀሪውን የሚከፍሉት ዕቃው ሲደርሳቸው፣ ብዙውን ጊዜ ጀልባው ሊነሣ ሲል በጥድፊያ ነው። ከዚያ በኋላ ለመመለስ ቢፈልጉ የመጓጓዣው ወጪና የሚባክነው ቀን ተደምሮ ክርክሩን ያስተዋቸዋል። የሚሰጣቸው ደረሰኝም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሌለው፣ በእጅ የተጻፈ ብጫቂ ወረቀት ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ አሳሳች የንግድ ማስታወቂያንም ይከለክላል። ስለዚህ የገዛችሁ ካላችሁ ካርቶኑን ከነጽሑፉ አስቀምጡ፣ የቴሌብር መልእክቱንና የቴሌግራም ንግግሩን አታጥፉ፣ የጎደለውን ማግኔት ቦታ ፎቶ አንሡ፤ ሻጩ እንቢ ካለም ይህን ሁሉ ይዛችሁ ለከተማው ንግድ መምሪያ አቤቱታ አቅርቡ። ገንዘቡ እስኪመለስ ድረስም መጫወቻዋን ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጧት። ማግኔቶቹን በጠንካራ ሙጫ እንድለጥፍላቸው የጠየቁኝ አሉ፤ ሥራውን አልተቀበልኩም፣ ምክንያቱም ከላይ ካልተሸፈኑ በስተቀር የትኛውም ሙጫ ለልጅ እጅ አስተማማኝ አይሆንም።

በመጨረሻ ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ፦ በእነዚህ ሳምንታት ያየኋት መጫወቻ በሰማያዊ ካርቶን ተቀይራ፣ «የጠፈር» የሚለው ተነሥቶ «የወደብ ጎታች» ተብላ መጥታለች። ክንፎቹ ተቆርጠው የቀሩበት ጠባሳ ከጎኗ ይታያል፤ ማግኔቶቹም እንደ ቀድሞው ላዩ ላይ የተለጠፉ ናቸው። ሻጩ ካርቶኑን ከፍቶ አንዱን ኮንቴይነር በፊታችሁ ደጋግሞ እንዲያያይዝና እንዲለይ ጠይቁት፤ ፈቃደኛ ካልሆነ አትክፈሉ።