ከአንድ የባዮሎጂ መምህር ለወጣቶች ክፍሏ ሲስተር

ሲስተርን በአደባባይ ማመስገን ካሰብኩ ቆየሁ። "ስሜን እንዳትጽፍ" ስላሉኝ ስማቸውን አልጠቅስም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ፣ በወጣቶች ክፍል የሚሠሩ ነርስ ናቸው። እኔም ተማሪዎቼም "ሲስተር" ነው የምንላቸው።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። 11 ዓመት አስተምሬያለሁ። ስለ ሥነ ተዋልዶ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ እስላለሁ፣ ስሞቹን አጽፋለሁ፣ "ቀሪውን ቤታችሁ አንብቡ" ብዬ አልፋለሁ። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። ባለፈው ዓመት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ ሁሉም እስኪወጣ ጠበቀች። ወለሉን እያየች "ቲቸር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አይረገዝም የሚባለው እውነት ነው?" አለችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። ግን "አሁን ትምህርትሽ ላይ አተኩሪ" ብዬ ሸኘኋት። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ማን ነግሯት ይሆን? ለምንስ አሁን ጠየቀች?

በዚያው ሳምንት ልጄን ላስከትብ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አንድ በር ላይ "ለወጣቶች ምቹ የጤና አገልግሎት" የሚል ጽሑፍ አየሁና አንኳኳሁ። ሲስተር እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። "መልሱን ታውቀው የለ? ነገ ጠርተህ ንገራት። ለቀሪዎቹ እኔ መጥቼ አግዝሃለሁ" አሉኝ። በማግስቱ ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኳት። በመጀመሪያው ጊዜም እንደሚረገዝ ነገርኳት።

ሲስተር ሦስት አርብ በተከታታይ መጡ። ውሎ አበል አልጠየቁም። በታክሲ መጥተው በታክሲ ተመለሱ።

ከመምጣታቸው በፊት ባዶ የጠመኔ ካርቶን ቀድጄ ክፍል ውስጥ እንዳስቀምጥ አዘዙኝ። ስም አይጻፍም። ጥያቄ የሌለው ተማሪም ባዶ ወረቀት አጥፎ ይከታል። ያኔ ማን እንደጠየቀ አይታወቅም። ካርቶኑ ሞላ። ወንዶቹ ስለ ሕልመ ሌሊት ጠይቀዋል፣ በሽታ መስሏቸው። አንዷ "ፖስትፒል በወር ስንት ጊዜ ይወሰዳል?" ብላለች። ሲስተር አልደነገጡም፣ አልተቆጡም። "እሱ ለድንገተኛ የሚወሰድ የእርግዝና መከላከያ ነው" አሉ። "ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይወሰዳል፣ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል። እርግዝናው ከተፈጠረ በኋላ አይሠራም። ከኤችአይቪና ከሌላ የአባላዘር በሽታም አያድንም። ደጋግሞ የሚያስፈልጋት ልጅ ካለች ወደኔ ትምጣ፣ የተሻለ ዘዴ አለ።" ስለ ኮንዶምም በግልጽ ነገሯቸው። ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆን ቀኑን እዩ፣ ቦርሳ ውስጥ ታጥፎ የከረመውን አትመኑ አሉ። ተገድዶ የተደፈረ ልጅ ካለ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም መድረስ እንዳለበት፣ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ለ28 ቀን እንደሚወሰድ አስረዱ። ይህን ሲሉ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር።

ሁለተኛው አርብ በሙሉ "እምቢ" ስለሚለው ቃል ነበር። ከካርቶኑ አንድ ወረቀት አወጡ፦ "እወደዋለሁ፣ ግን አልፈልግም። እምቢ ካልኩት ይተወኛል።" ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ሴቶቹን ሁለት ሁለት አቁመው እምቢ ማለት አለማመዷቸው። አንዷ በቀስታ "ትንሽ እንቆይ" አለች። "ይሄ ቀጠሮ ነው፣ እምቢ አይደለም። እንደገና በይው" አሏት። በሦስተኛው ጊዜ ድምጿ ኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ።

ወደ ወንዶቹ ዞሩ። "ሴት ልጅ እምቢ ስትል እሺ ማለቷ ነው የሚለውን ማን አስተማራችሁ?" አንድ ልጅ "ሰፈር ውስጥ ይባላል" አለ። "እንግዲህ እናንተ አትበሉት። እምቢ ማለት እምቢ ነው። ዝም ማለትም እሺ አይደለም" አሉ። ጓደኛ ስላፌዘበት ብቻ ሳይፈልግ የሚገባበት ወንድ እንዳለም አነሱ። "አንተም አልፈልግም ማለት ትችላለህ።" ይህን ሲሰሙ ፊታቸው የተፈታ ልጆች አይቻለሁ። እኔ ለወንዶቹ እንዲህ ብዬ አላውቅም ነበር።

ምክራቸውንም አልሸሸጉም። "በዚህ ዕድሜ መቆየት ከሁሉም ይሻላል። ያልቆየውን ልጅ ግን ከደጄ አልመልሰውም።"

አንድ አባት "ልጄን ታባልጋላችሁ" ብለው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ሲስተር አብረዋቸው ተቀመጡ። በ2008 ዓ.ም በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሴቶች 13 በመቶዎቹ ወልደው ወይም አርግዘው እንደተገኙ ነገሯቸው። ልጃቸው ከእኛ ባትሰማ ከቴሌግራምና ከቲክቶክ እንደምትሰማም አስረዷቸው። እኚህ አባት ሙሉ በሙሉ የተስማሙ አይመስለኝም። ልጃቸውን ግን አልከለከሏትም።

መምህራንም ወላጆችም፣ አቅራቢያችሁ ባለው ጤና ጣቢያ "የወጣቶች ክፍል አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ለብቻው ክፍል ባይኖርም አገልግሎቱን ከሚሰጥ ባለሙያ ጋር እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ። ለትምህርት ቤት ከሆነ ከርእሰ መምህሩ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ደብዳቤ አጽፉ። ከ50 ዓመት በላይ የቆየው የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማህበርም በተለያዩ ከተሞች የወጣት ማዕከላት አሉት። እግረ መንገዳችሁን ስለ ማህፀን በር ካንሰር ክትባትም ጠይቁ። እዚህ አገር በ2011 ዓ.ም ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረ ነው፣ ብዙ ወላጅ ግን አያውቀውም። ልጆቻችሁን ስትልኩ ደግሞ "ምን ጠየቅሽ? ምን አሉህ?" ብላችሁ አታስጨንቋቸው። ሲስተር ለተማሪዎቼ በመጀመሪያው ቀን የነገሯቸው፣ እዚያ ክፍል የተወራ እዚያው እንደሚቀር ነው። የሚያስገድደው ወይም የሚጎዳው ሰው ያለ ልጅ ሲገጥማቸው ብቻ እርዳታ እንደሚፈልጉለትም አልደበቁም። ልጆቹ ያመኗቸው ለዚህ ይመስለኛል።

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርቶኑን አልጣልኩትም፣ አሁንም ክፍል ውስጥ ነው። ማክሰኞ ስከፍተው ዘጠኝ ጥያቄ አገኘሁ። ሰባቱን ራሴ መልሻለሁ። ሁለቱን አርብ ይዤልዎት እመጣለሁ።